ሱላሞና የላንቃሞ ጸሎት ቤት ጉልላት

የላንቃሞ ጸሎት ቤት ዛሬ ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲመጣ ሰባኪው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ እኛም አሜን እንላለን፤ ምን እንዳለ የሰማ ግን የለም። በሣሩ ዘመን ዝናብ ድምፅ አልነበረውም። መዝነቡን የምናውቀው አንድ ሰው ከተቀመጠበት ፈቀቅ ሲል ነበር። ያኔ ጸሎቱ እየቀጠለ ሁሉም አንድ ዓይኑን ገልጦ ወደ ላይ ያያል። የማን ድርሻ እንዳፈሰሰ ለማወቅ ነው።

ያኔ ቤቱ በየአራት ዓመቱ በደቦ ይከደን ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሣር ተሸክሞ ይመጣና ከጣራው የራሱን ድርሻ ይከድናል። የሌላውን ድርሻ መንካት ነውር ነው፤ ሰውየው አቅቶታል እንደ ማለት ይቆጠራል። ስለዚህ የማንም ስስት ተደብቆ አይቀርም ነበር። አኒቶ የሚባለው ሰው ድርሻ በየክረምቱ ያፈስ ስለነበር ከሥሩ የሚቀመጡት ሴቶች ሰኔ ሲገባ ቦታ ይቀይራሉ። "ዘንድሮም በአኒቶ ሥር ጥምቀት አለ" ይባባላሉ።

ጉልላቱ ግን የአኒቶ ታላቅ ወንድም የሱላሞ ነበር። ሣሩ ሁሉ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ በእንሰት ቃጫ የሚታሰርበት ቦታ ነው፤ እሱ ከላላ የሌላው ሰው ድርሻ ሁሉ ከንቱ ነው። ሱላሞ አጭር፣ እግሩ ጣራ ሲቆነጥጥ ኖሮ ቀስት የሆነ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። ጣሊያን በወጣ ሰሞን ሰባት አባወራ በአባቱ በረት ውስጥ ተሰብስበው መጸለይ ሲጀምሩ እሱ ጎረምሳ ነው። ሰዎቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ላሞቹ አፍጥጠው ያዩዋቸዋል። በመጨረሻ አባቱ "ወይ እናንተ ውጡ፣ ወይ ላሞቼ ይውጡ፤ ወተት ቀንሰዋል" አሉና የመጀመሪያው ጸሎት ቤት ተሠራ። ጉልላቱን ያሰረው ሱላሞ ነው። እዚያው ላይ ሆኖ ነው ለደቦው ውሃ ያመጣችውን አስካለችን "ታገቢኛለሽ ወይ?" ያላት። እሷም "መጀመሪያ ውረድ" አለችው። ወረደ፣ ተጋቡ፣ ዲቦራ የምትባል ልጅ ወለዱ።

ነገር የመጣው ከወንዙ ማዶ ነው። እዚያ ኦርዶሎ የሚባል ሽማግሌ ቃልቻ ነበር። በደህናው ጊዜ ሰው በግ እየጎተተ ይሄድለት ነበር፤ በኋላ ግን የሚጎትተውም ሰው፣ የሚጎተተውም በግ ቀረና ከሁለት ፍየሎቹ ጋር ብቻውን ተቀመጠ። አንድ ግንቦት ላይ ጣራው በእሳት ተበላ። ሱላሞ ማጭዱን ይዞ ተሻገረና በሦስት ቀን ከድኖለት ተመለሰ። ወሬው ግን ከሱላሞ ቀድሞ ነው ወንዙን የተሻገረው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ አስጠሩት። ዋናው ላምቤቦ ነበር፤ ራሰ በራ፣ ኮቱን በሐምሌም በጥርም የማያወልቅ፣ ሕግ የሚወድ ሰው።

"ወንድም ሱላሞ፣ የኦርዶሎን ቤት ከድነሃል?"

"ከድኛለሁ።"

"የሰይጣን ቤት መሆኑን ታውቃለህ?"

"ሰይጣን አላየሁም። አንድ ሽማግሌና ሁለት ፍየል ነው ያየሁት።"

"ከፍየሎቹ ባንዱ ላይ አድሮ ቢሆንስ?" አለ ሌላው ሽማግሌ።

"የትኛው ላይ እንደሆነ ንገረኝና እሱን ደጅ አሳድረዋለሁ።"

ላምቤቦ አልሳቀም። ሕጉ ቀላል ነው፤ በጉባኤው ፊት ቆመህ "በድያለሁ" ትላለህ፣ በደልህን በስሙ ትጠራለህ፣ ይቅር ትባላለህ። ለጋያ ማጨስም፣ ለጠላም፣ ለድብድብም መድኃኒቱ ይኸው ነበር። አኒቶ ብቻውን አምስት ጊዜ ቆሟል፤ ቃሉን በቃሉ ያውቀዋል።

"ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ እግዚአብሔር ቤት ውስጥ አልዋሽም" አለ ሱላሞ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ከኅብረት ታገደ። ትናንት ወንድም ሱላሞ የነበረው ሰውዬ አቶ ሱላሞ ተባለ። ሰላምታው ያው፣ መጨባበጡ ያው፤ ያቺ አንዲት ቃል ግን ተነጠቀች። መግባት ስለማይችል በየእሑዱ ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። ወፍራም ድምፅ ነበረውና መዝሙር ሲጀመር ከደጅ ሆኖ ይቀበላል። እንግዳ ሰባኪ ከሆሳዕና ከተማ ሲመጣ ግድግዳው የሚዘምር ይመስለው ነበር።

በበጋው የመክደኛው ዓመት ደረሰ። የታገደ ሰው ሣር ለጸሎት ቤት አይገባም፤ ጉልላቱን ደግሞ ሌላ ሰው አይነካም። ላምቤቦ ግን "የማኅበር ሥራ በአንድ ሰው እልህ አይቆምም" ብሎ ከነኮቱ ጣራው ላይ ወጣ። ያሰረው ጉልላት ሞቅ ያለው ሰው ባርኔጣ መሰለ። ሱላሞ ከታች ሆኖ አየና አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ቤቱ ሄደ። ከሁሉ ያናደዳቸው ዝም ማለቱ ነው። በሰኔ ጉልላቱ ተንሸራቶ ወረደ፤ ውሃው በቀጥታ አትሮኖሱ ላይ መፍሰስ ጀመረ። ሁለት ክረምት ሙሉ ሰባኪው በአንድ እጁ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዞ ሰበከ። ገጽ መግለጥ ሲፈልግ ጃንጥላውን ለላምቤቦ ያቀብላል።

በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ ለዲቦራ ሽማግሌ ተላከ። ልጁ አስተማሪ ነው፣ ደህና ቤተሰብ ነው፤ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። የታገደ አባት ግን ልጁን ይዞ መግባት አይችልም። ሰርጉ ሲቃረብ ላምቤቦ መጥቶ "አጎቷ አኒቶ ያስረክባታል" አለ።

እሱ ሲወጣ አስካለች ቆጮውን ባሏ ፊት አስቀመጠችና ተነሳችበት።

"አኒቶ? ሁለት ሸክም ሣር በወጉ ያላስረከበ ሰው ልጄን ያስረክባታል?"

"ምን ላድርግ?"

"አንዲት ቃል ነች፣ የዲቦራ አባት። በልና ግባ።"

"ውሸት ነዋ።"

ዲቦራ ከጓዳ ሆና "ተዪው፣ እማዬ" አለች። "አባዬ ካልገባ እኔም ደጅ ከሱ ጋር ቆሜ እዳራለሁ። ሙሽራው ከፈለገኝ ይውጣ።"

ሱላሞ ይህን ሲሰማ ቆጮውን ሳይነካ ተነሳ። የት እንደሄደ ያኔ ማንም አላወቀም፤ በኋላ ኦርዶሎ ራሱ ነው ለሰው ያወራው። ወንዙን ተሻግሮ ሽማግሌው ቤት ገባ። ምናልባት ሊጨቃጨቅ፣ ምናልባት ይኼን ሁሉ ያመጣበትን ሰው ዓይኑን ሊያይ። ገብቶ ግን ልማዱ ነውና ቀና አለ። ጣራው በስብሷል። ሰማይ በሦስት ቦታ ይታያል፤ ሽማግሌውና ፍየሎቹ ክዳን በተረፈበት አንድ ጥግ ላይ ተጨናንቀዋል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያፈሰው?"

"ከመጀመሪያው ክረምት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"በኔ ምክንያት ደጅ ተቀምጠህ፣ ጣራዬ አፈሰሰ ብዬ ልላክብህ?" አለ ኦርዶሎ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ለሰርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሱላሞ በሩ ላይ ቆሞ መናገር እንደሚፈልግ አስታወቀ። ላምቤቦ ፊቱ በራ። ሴቶች ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዳያመልጣት ልጅ የታቀፈችው እንኳ ልጇን ቶሎ ጡት አጎረሰችው።

"በድያለሁ" አለ ሱላሞ።

"በደልህን በስሙ ጥራ" አለ ላምቤቦ።

"የኦርዶሎን ቤት በመጥፎ ሣር ከድኛለሁ። ለዚህ ቤት የማጭደውን የደጋ ሣር አላጨድኩለትም፤ የረግረግ ሣር ነው ያለበስኩት። አምስት ቀን የሚፈጀውን፣ እናንተ እንዳታዩኝ ብዬ በሦስት ቀን ጨረስኩት። ማሰሪያውንም አላጠበቅሁም። ቃልቻ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል አልኩ። በዚህ እግዚአብሔርን በድያለሁ፤ እሱንም በድያለሁ። ይቅር በሉኝ።"

ከኋላ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ወደ ሳል ለወጠው።

"ሌላስ?" አለ ላምቤቦ።

"ሌላ የለም።"

"መክደንህስ?"

"እሱንማ ልደግመው ነው። ከነገ ጀምሮ።"

ሽማግሌዎቹ ወጥተው ዛፉ ሥር ቆሙ። ክርክራቸው ከስብከቱ ረዘመ። አንደኛው ሰውየው አፌዘብን አለ አሉ፤ ሌላው ደግሞ እኔ ስንት ዓመት እዚህ ሳገለግል እንዲህ ያለ ንስሐ አልሰማሁም አለ። ላምቤቦ በመጨረሻ ተመልሶ ገባና አትሮኖሱ አጠገብ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወንድም ሱላሞ" አለ።

ከዚያ በኋላ የተናገረውን ብዙዎቻችን አልሰማንም፤ አስካለች እልልታዋን ለቀቀችው። ጸጥ ሲል የቀረው የላምቤቦ ጥያቄ ብቻ ነበር።

"ስንት ሸክም ይበቃሃል?"

"አርባ። የደጋ ሣር።"

"የኛስ ጉልላት?"

"ከሰርጉ በኋላ።"

አርባው ሸክም እስከ ሐሙስ ወንዙን ተሻገረ። ማን ስንት እንደተሸከመ እስከ ዛሬ ያከራክረናል። አኒቶ አራት ብሏል፤ ያየነው ሁለት ነው። ላምቤቦ የቃልቻ ደጅ ረግጬ አላውቅም እንዳለ ነው የሞተው፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር፣ ያን ሐሙስ ግን ኮቱ ከአንገትጌው እስከ ወገቡ በሣር ፍሬ ተሞልቶ ነበር።

ቅዳሜ ዲቦራ በአባቷ ክንድ ገባች። ጸሎት ቤቱ ጢም ብሏል፣ ደጅ ድረስ ሰው ነው፤ አተካና የሚባለውን የሰርግ ምግብ የሚያቀርቡት ሴቶች እንኳ ድስቱን ጥለው መጥተዋል። ቀን ስለሆነ በክፍቱ ጉልላት ፀሐይ ይወርዳል፤ የወረደው ግን ሙሽራዋ ላይ አልነበረም፣ የላምቤቦ በራ ራስ ላይ ነው። እሱም ቦታ አልቀየረም። ሱላሞ ልጁን ይዞ መሐል ሲደርስ ቆም አለና ወደ ላይ አንጋጠጠ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ስንት ክንድ ቃጫ እንደሚፈጅ ይለካል።

"የዲቦራ አባት" አለች አስካለች ከፊት ወንበር በሹክሹክታ፣ "ልጅህን እያት እንጂ።"

"አይቻታለሁ" አለ፣ ዓይኑን ሳያወርድ። "እሷ ምንም አልጎደላትም።"