ተወካያችን ሳያነብ የፈረመው ገጽ

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ነው የሚላት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላት ግን የማያውቅ የለም። መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ላይ የሚወርደው ገላዋን ስትታጠብ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ይዛው ገባች። የሟቹን ወንድም ታጽናናዋለች ስንል ትከሻውን ዳበስ ዳበስ አድርጋ «ከስተሃል፤ ኮትህ መጥበብ አለበት» ብላው አረፈች። እኔ አጠገቧ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሥራችን ስፌት ነው። እሷ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። እኔ ታናሿ ደግሞ እተኩሳለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ መዝገብ እጽፋለሁ፤ በትርፍ ሰዓቴ እሰደባለሁ። ሠላሳ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ አንድም ቀን «ደህና ተኩሰሻል» ብላኝ አታውቅም። ካልተናገረች ደህና ነው ማለት ነው፤ ይኸው በዚህ ተጽናንቼ አርጅቻለሁ።

ሱቁን ያገኘችው በስጦታ አይደለም። በአሥራ ስድስት ዓመቷ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ ለመትከል ገባች። ሰውየው ቆይቶ ሱሪ እንድትሰፋ ፈቀደላት፤ ኮት ግን ሰማይ ቢታረስ አይሆንም አላት። ኮት የወንድ ሥራ ነው ባይ ነበር። እሷ ታዲያ ምን አደረገች? ሰውየው ለምሳ በወጣ ቁጥር እሱ የሰፋውን እጅጌ እየተረተረች መልሳ መስፋት ያዘች። ስድስት ወር ሙሉ አልነቃባትም። የነቃው አንድ ደንበኛ «ዘንድሮ እጅህ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያማረልህ?» ብሎ ሲያመሰግነው ነው። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አፈረ፣ በመጨረሻ መቀሱን አውጥቶ ሰጣት፤ ሲያረጅም ሱቁን በላቧ ባጠራቀመችው ገንዘብ ገዛችው። ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞተባትና አንዲት ልጇን በዚያው ሥራ አሳድጋ ዳረቻት።

ይሄ ሁሉ ሕይወት በአንድ ስምምነት ሊያልቅ ነው የሚል ወሬ የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። መንግሥት ከሌሎች አገሮች ጋር ትልቅ የንግድ ስምምነት ሊፈራረም ነው፣ ምክር ቤቱ ካጸደቀው በፋብሪካ የተሰፋ ልብስ ያለ ቀረጥ ይገባል ተባለ። በኛ መንገድ ላይ አሥራ ስምንት የስፌት ሱቆች አሉ። አንዱ «ይጠቅመናል፣ ጨርቅና ክር ይረክሳል» ይላል፣ ሌላው «አለቀልን» ይላል፤ እውነቱን የሚነግረን ጠፋ። ልጇ ይሄን ስትሰማ ከምትኖርበት ከተማ ደውላ፣ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ፣ ሱቁ ከተዘጋ ነይና እረፊ አለቻት። እህቴ ስልኩን ዘግታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። በኋላ የነገረችኝ፣ ሰው ቤት ተቀምጣ ግድግዳ እያየች የሚመጣላትን ምሳ ስትጠብቅ ራሷን አስባው ልቧ ቀጥ ማለቱን ነው።

ስለዚህ ተወካያችንን እንጠይቀው ተባለ። ተወካያችን የሰፈር ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ሱሪውን የሰፋችለት እህቴ ናት፣ አሁንም ሙሉ ልብሱን የምትሰፋለት እሷ ናት። ግን አቋምህ ምንድን ነው ሲባል ሙልጭልጭ ነው። ቢሮው ስንሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው እንባላለን። መንገድ ላይ ስናገኘው ጉዳዩ በጥናት ላይ መሆኑን ይነግረናል። አንድ ቀን የልብስ ቁልፍ ሻጩ ጎረቤታችን፣ ነገር ካልተናገረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ መኪናው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ ብሎ ቢጠይቀው፣ የሁሉንም ወገን ጥቅም ባማከለ መልኩ አየዋለሁ ብሎት መስኮቱን ዘጋ። ቁልፍ ሻጩ ሦስት ቀን ሙሉ «ባማከለ መልኩ» እያለ ሲያብድ ከረመ።

በመጨረሻ የቢሮው ጸሐፊ አዘነችልንና መላውን ነገረችን። መቶ ኀምሳ መራጮች የፈረሙበት የጽሑፍ ጥያቄ ከመጣ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት አለች። እህቴ ወደ ሱቅ ስትመለስ መንገዱን እንዴት እንዳቋረጠችው አላውቅም፤ ከኋላዋ እየሮጥኩ ነው የደረስኩት።

እዚህ ላይ ስለ መዝገባችን መናገር አለብኝ፤ ጉዱ የፈላው በሱ ነው። አንድ ደንበኛ በለካነውና ልብሱን በወሰደበት ቀን መካከል ወፍሮ መጣና አጠበባችሁብኝ ብሎ ሱቁን ቀውጢ አደረገው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ደንበኛ የመጨረሻው ልክ ሲጻፍ አጠገቡ ይፈርማል። ገጹ ተሰምሮ ያለቀ ነው፦ ስም፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፣ ፊርማ። እህቴ ሌላ ወረቀት ፍለጋ አልሄደችም። ከመዝገቡ አዲስ ገጽ ገለጠችና ከላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እኛ ከታች ስማችን ያለው መራጮች፣ ተወካያችን የንግድ ስምምነቱን ይደግፉ ወይም ይቃወሙ እንደሆነ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በግልጽ እንዲነግሩን እንጠይቃለን።»

ሰው መሰለፍ ጀመረ። ስሙን ጻፈ፣ ፈረመ፤ ገጹ ሲሞላ በሚቀጥለው ላይ ይህንኑ ጥያቄ ጽፈን ቀጠልን። መሃል ላይ ያለው አራት ዓምድ ግን ባዶ ቀረ፤ እህቴ ደግሞ ባዶ ዓምድ ካየች እጇ ይበላታል። አምስተኛው ሰው ላይ ሲደርስ አልቻለችም፤ ሜትሯን አውጥታ ለካችው። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማት። መራጩ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ደረቱን እየተለካ ፈረመ። ይሄ ምን ይሠራል ብዬ ብጮህባት፣ ለምን ባዶ ይሄዳል፣ የማን ሰው እንደሆንን ይወቅ አለችኝ። ሥጋ ሻጩ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ሲለካ ትንፋሽ አጥሮት ሊወድቅ ነበር። እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ ሁለት ሰው በተሳሳተ መስመር ጻፍኩ።

እምቢ ያለችው ዳቦ ጋጋሪዋ ብቻ ናት። ጥያቄውን ከልቧ ደግፋዋለች፤ ነገር ግን ምክር ቤት የሚደርስ ወረቀት ላይ ወገቧ መቶ አሥራ ስምንት ተብሎ እንዲጻፍ አልፈለገችም። መቶ በሉልኝ አለች። እህቴ ልክ ይዋሻል እንዴ አለች። እንግዲያው ባዶ ተዉት አለች ጋጋሪዋ፤ እህቴ ባዶማ አይሆንም አለች። ሁለቱም ግትር ናቸው፣ ተኮራረፉ። እንዲህ እያልን መቶ አርባ ዘጠኝ ላይ ደረስንና አንድ ሰው ጎደለን።

ሰኞ ጠዋት ተወካያችን ለፕሮቫ መጣ፤ ያላለቀውን ልብስ ለብሶ ሊለካ ማለት ነው። ልብሱ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን የሚለብሰው ነው። ገና በነጭ ክር የተወሰወሰውን ኮት ለብሶ መስተዋቱ ፊት ቆመ፤ ስልኩ ከጆሮው አልወረደም። እህቴ ስፒል በከንፈሯ ይዛ በዚያው አፏ ቁጥር ትጠራልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ትከሻ አርባ ስምንት፣ ደረት መቶ ስምንት፣ ወገብ መቶ አሥራ ሁለት። መዝገቡን አቀረብኩለት፤ ስልኩን እያወራ እንደ ልማዱ ፈረመና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እህቴ የሱሪውን ልክ አምጪ አለችኝ። መዝገቡን ብገልጥ፣ ብገላብጥ የሱ ስም ከደንበኞቹ ገጽ ላይ የለም። ወዲያ ወዲህ ስል ዓይኔ መቶ ኀምሳኛው መስመር ላይ አረፈ። ተወካያችን፣ ከነወገቡ፣ ተወካያችን አቋሙን እንዲነግረን ከሚጠይቁት መራጮች አንዱ ሆኖ ፈርሟል።

እህቴ አየችው። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና ወንበር ይዛ ተቀመጠች፤ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ቁልፍ ሻጩ ምን ሆናችሁ ብሎ ገብቶ ሲያይ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መንገዱ ሁሉ ሰምቶ ሱቃችን በሳቅ ፈረሰ።

ቁልፍ ሻጩ እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ፣ ቁጥሩ ሞልቷል፣ ዛሬውኑ ቢሮው ወስደን በገዛ ፊርማው እንያዘው አለ። ሁሉም ደገፈው፤ እኔም ደገፍኩት፣ ለምን እዋሻለሁ። እህቴ ግን መዝገቡን ዘጋችና ሰውየው ምን እንደፈረመ አያውቅም አለች። ተለመነች፣ ተለመነች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ሰው ጎድሎን፣ ድምፁ ሊሰጥ ስምንት ቀን ቀርቶት፣ የሷ ሱቅ ሊዘጋ፣ እሷ ለሱ ክብር ትጨነቃለች ብዬ ደሜ ፈላ። ያን ቀን ካውያዬን እየደበደብኩ ነው የተኮስኩት።

ሐሙስ ልብሱን ሊወስድ መጣ። ለበሰው፤ መቼም አምሮበታል። መንገዱ ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ሱቃችን በር ላይ ተሰብስቧል። እህቴ ገጹን ገልጣ ፊቱ አስቀመጠችና በስህተት እዚህ ላይ መፈረሙን ነገረችው። አይቶት ፊቱ አመድ መሰለ። ይሄ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ መሳቂያ ይሆናል፤ እባክሽ እትዬ ሰርዢው አላት።

እህቴ እስክሪብቶውን ሰጠችው። «ራስህ ሰርዘው። መጀመሪያ ግን አንብበው፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ።»

አነበበው። «በግልጽ እንዲነግሩን እንጠይቃለን» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ አነሰ። ቀጥሎ ስሙን ሰረዘ፣ እኛም ወደ መቶ አርባ ዘጠኝ ተመለስን። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያኔ በሩ ላይ ግፊያ ሆነና ዳቦ ጋጋሪዋ እጇ ዱቄት እንደሆነ ሰውን እየገፋች ገባች።

«ጻፊኝ!» አለችኝ፣ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «መቶ አሥራ ስምንት! ከፈለግሽ መቶ ሃያ በይው!»

መንገዱ በጭብጨባ ተናጋ። እህቴ ግን የዋዛ አይደለችም፤ ሜትሯን አውጥታ እንደገና ለካቻትና መቶ አሥራ ሰባት ሆነ። ዳቦ ጋጋሪዋ ደስታ አሰከራትና እህቴን አቅፋ ከመሬት አነሳቻት፤ ጥቁር ቀሚሷ በዱቄት ነጣ። እህቴ ከዚያ እቅፍ ወርዳ፣ ቀሚሷን ሳታራግፍ ወደ ተወካያችን ዞረች።

«አሁን ጥያቄያችን ሞልቷል፤ መልስ ትሰጠናለህ። እስከዚያ ግን አንድ ነገር ንገረኝ ልጄ። ይቺን አራት መስመር ሳታነብ ፈርመህባታል። ያንን ስምምነትስ አንብበኸዋል?»

ሰውየው አዲሱን ጫማውን አየ። «አራት መቶ ገጽ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ስንት ገጽ ነው አላልኩህም።»

«አላነበብኩትም» አለ ተወካያችን። ከመዝገቡ ቀድጄ የሰጠሁትን ጥያቄያችንን ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተና ማንንም ሳያይ ወጣ። ቁልፍ ሻጩ ራሱ መንገድ ለቀቀለት። እኔ ግን እህቴን በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም፤ ለሷ እንዳልነግራት ምላሴን ነከስኩ።

ማክሰኞ ሁላችንም ቁልፍ ሻጩ ሱቅ ውስጥ፣ ከቁልፍ ማሰሮዎቹ መሃል ያለችውን ቴሌቪዥን ከበን ቆምን። ዳቦ ጋጋሪዋ ሱቋን ዘግታ መጣች። እህቴ ወንበር ሲሰጣት አልቀመጥም አለች፤ ቆማ ሜትሯን በጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። አፈ ጉባኤው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አስተያየት ያለው ካለ አለ። ተወካያችን እጁን አወጣ። አራት ዓመት እዚያ ሲቀመጥ ተነስቶ ሲናገር ያየነው ያን ቀን ነው። እህቴ ከትንፋሿ በታች «ቀና በል» አለችው፤ እሱ እንደሰማ ሁሉ ቀና አለ።

«መራጮቼ አቋሜን ጠይቀውኛል» አለ። «መልስ የመስጠት ግዴታ አለብኝ፤ ግን መልስ የለኝም። ስምምነቱ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ከሐሙስ ወዲህ ነው ማንበብ የጀመርኩት፣ ሰማንያ ገጽ ላይ ነኝ። ያላነበብኩትን አላጸድቅም፣ ያላነበብኩትን አልቃወምም። ከመካከላችን አንብቦ የጨረሰ ካለ እባካችሁ እጁን ያውጣና ያስረዳኝ።»

ካሜራው አዳራሹን መዞር ጀመረ። ረድፍ በረድፍ፣ ያ ሁሉ ከረቫት፣ ያ ሁሉ መነጽር። አንዱ ወረቀት ያስተካክላል፣ አንዱ ጣሪያ ያያል። ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ብድግ አለ፤ እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ የባለቤቱን ራስ አከከ። ካሜራው ዞሮ ዞሮ ጨረሰ። አንድም ሰው አልነበረም። ፈገግታው የጠፋበት አፈ ጉባኤ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አባላት አንብበው እንዲመጡ ድምፅ አሰጣጡን ለአንድ ወር አስተላልፌያለሁ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። ቁልፍ ሻጩ አንድ ማሰሮ ገልብጦ ቁልፉ ወለሉን ሞላው፤ ዳቦ ጋጋሪዋ በቁልፉ ላይ እየተንሸራተተች ትጨፍራለች፤ እኔ ማን እንደሆነ የማላውቀውን ሰው አቅፌ አለቅሳለሁ። እህቴን ብፈልጋት በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች፣ ያ ሰኞ ዕለት የሳቀችው ዓይነት ሳቅ። ሮጬ ሄድኩና ሁልጊዜ ደስታ የሚያበላሸውን አፌን ከፈትኩ። «አንብበው ቢያጸድቁትስ?»

«ያጽድቁታ» አለችኝ። «ሱቄን የሚዘጋ ሰው ቢያንስ አንብቦ ይዝጋው።»

ይህን ብላ መንገዱን ተሻገረች፤ ለማግስቱ የተቀጠሩ ሁለት ሱሪዎች ነበሩን።