አንዱን ብቻ ያስቀየርሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከኮኪት ደወለችልኝ። የእርሻ ባለሙያ ናት፤ መኪናዋን ራሷ ትነዳለች።

«አባዬ፣ የግራው የፊት ጎማ ፍሬን ሸራ አልቋል። የቀኙ ገና ነው ይላል መካኒኩ። አንዱን ብቻ ላስቀይር?»

«ሁለቱንም!» አልሁ። ጮኬ ኖሮ ሳቀችብኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሥራ አልሠራ አለኝ፤ ልቤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ሄዶ ቁጭ አለ።

ያን ጊዜ አባቴ በተወልኝ አሮጌ ጭነት መኪና የሰሊጥ አጫጆችን ከመተማ ዮሐንስ ወደ እርሻ አመላልስ ነበር። ዝናቡ አባርቶ፣ መሬቱ እንደ ምድጃ ትኩስ ትንፋሽ የሚተነፍስበት ወቅት ነው። የደረሰ ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ካልታጨደ ፈንድቶ ይራገፋል። ስለዚህ ሁሉም ይሮጣል፤ እኔ ከሁሉም በላይ እሮጣለሁ። «እሱ እኮ ነፋስ ነው» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ፍሬኑ ቢጮህብኝ ኡስታ አደም ዘንድ ወሰድሁት። ሱዳን ሠርተው የተመለሱ አዛውንት መካኒክ ናቸው፤ «ኡስታ» የምንላቸውም በዚያው በሱዳኖች አጠራር ነው። የግራውን ጎማ ፈትተው ያለቀውን ሸራ በአዲስ ተኩ። ወደ ቀኙ ሲዞሩ ከለከልኋቸው።

«ኡስታ፣ ይተዉት። ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል።»

«ልጄ፣ እነዚህ ጥንድ ናቸው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ ፍሬን ስትይዝ ወደ አዲሱ ይጎትትሃል። እስከ ምሳ ታገሠኝ።»

«ነገ እመለሳለሁ።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «መኪናውስ ያንተ ነው» አሉኝ፤ «የምትጭናቸው ሰዎች ግን ያንተ አይደሉም።»

አጫጆቹን ጭኜ ከከተማ ወጥቼ ወደ አንድ ደረቅ ወንዝ ስወርድ ጥጃ ዘው አለብኝ። ፍሬኑን በኃይል ረገጥሁ። መኪናው ወደ ግራ ተወረወረ፤ መሪው አልታዘዝ አለኝ፤ ከወንዙ ዳርቻ ጋር ተላትሞ ዘንበል ብሎ ቆመ። ወርጄ ስሮጥ ሌሎቹ ተጫጭረው ተርፈዋል፤ አንሙት የሚባል የጎጃም ሰው ግን ቀኝ ክንዱን ታቅፎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ክንዴስ ይድናል» አለኝ፤ «ሰሊጡን ማን ያጭድልኛል?»

ክንዱ ታሰረለት፤ እናቴ ቤት አሳረፍሁት። በማግሥቱ ኡስታ አደም የቀኙን ሸራ ሲቀይሩ «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም። ከረከዴ የሚባለውን የሱዳኖች ቀይ የአበባ መጠጥ ቀዝቃዛውን ቀድተው ሰጡኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ መኪናውን አቁሜ ማጭድ ያዝሁ። አዝመራው እስኪያልቅ የአንሙትን ድርሻ በእሱ ስም አጨድሁ፤ መዳፌ ተላልጦ ቂጣ መቁረስ እንኳ ያቅተኝ ነበር። አንድ ቀን ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እርሻው ዳር ቆመና፣ «አዬ ሹፌር! ማጭድ እንደ መሪ ይያዛል?» ብሎ ሳቀ። ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ ሰሊጡ ውስጥ አለቀስሁ።

አንሙት ድኖ አገሩ ገባ፤ ሲሰናበተኝም በዚያው ክንዱ አቀፈኝ። ይቅር ብሎኛል። ይህን ታሪክ ግን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። አባቷ በዘመኑ አንድም ሰው ያልጎዳ ሹፌር እንደሆነ ለሰው ስታወራ እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። እሁድ ስትመጣ እነግራታለሁ።