እጁን ያወረደው ሥዕል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለትምህርት ቤቷ የምትበር ወፍ ፈለገችና ኮምፒውተሩን አዘዘችው። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ወፏ ክንፏን ታራግብ ጀመር። «አንቺ ይሄን ሁሉ በእጅሽ ነበር የምትጽፊው?» አለችኝ ከልቧ አዝናልኝ። ሳቅሁ፤ ግን ሳቄ ብዙ አልቆየም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ከአሮጌዎቹ ብሎኮች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ እንኖር ነበር። በዚያ በጋ የሚንቀሳቀስ ሥዕል በኮድ መጻፍ ተምሬ ነበር። ቀለምም ብሩሽም የለበትም፤ ክቡ የት እንደሚቀመጥ፣ መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ በስንት ሰከንድ እንደሚዞር፣ ሁሉም በቁጥር ይጻፋል። አንዲት ቁጥር ከተሳተች ክንድ ከትከሻ ይገነጠላል።

ጎንደር የቀረውን የእናቴን ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ታከለን፣ ልሠራላት ተነሣሁ። ፎቶ አልነበረውም፤ እሷ እየነገረችኝ ጻፍሁት። «ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው። ስንመጣም የሸኘን በግራ እጁ ነው» ስትለኝ ቁጥሮቹን ቀየርሁ። ራሱ አንድ ክብ፣ ጋቢው ነጭ ቅርጽ፣ ክንዱ ሁለት መስመር። እጁን ሳያቋርጥ እንዲያውለበልብ አዘዝሁት። ትምህርት ቤት ስሞክረው ዕረፍት አልነበረውም።

ዓርብ ከሰዓት ነበር። ቤቱን የሰንበት ዳቦና የጥቁር አዝሙድ ሽታ ሞልቶታል። «እስቲ ያን ማሕሼቭሽን ክፈቺልኝ» ብላ እናቴ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጠች። አጎቴ እጁን አነሣ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደና ቀረ። ደንግጬ እንደገና ልከፍተው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ወንድሜ እጁን አወረደ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አባቴ ከፋብሪካ ገብተው በር ላይ ቆመው ነበር። የተናገረችውን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ ሆነ።

«ማን ነገራት?» አሉኝ።

ማንም አልነገራትም። እኔም አላውቅም ነበር። አጎቴ ከሞተ ሳምንታት ሆኖት ኖሯል፤ የወንድሜ ሠርግ እስኪያልፍ ሽማግሌዎቹ መርዶውን ይዘውት ነበር። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እንደ ወጉ ሊነገራት የታሰበው በአባቴ አንድ ጥያቄ ተነገራት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን በጠራራ ፀሐይ ገባ። እናቴ ከወንበሩ ወርዳ መሬት ተቀመጠች። ዳቦው ምድጃ ውስጥ አረረ፤ ሠርጉም ተላለፈ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ የሥዕሉን ኮድ ከፍቼ አየሁት። «ሳያቋርጥ» የሚለው ትእዛዝ መሆን በነበረበት ቦታ የሦስት ቁጥር ተቀምጧል። ስሞክር እንዲያ አደርግ ስለ ነበር ለሙከራ ያስገባሁት ይሆናል። ማጥፋቴን ግን አስታውሳለሁ።

እናቴ አሁን አርጅታለች። ትናንት ልጠይቃት ስሄድ፣ «የወንድሜን እጅ ዛሬ ብታነሺው ይነሣል?» አለችኝ።

«ይነሣል እማዬ። አንድ ቃል ነው የምቀይረው።»

«ተይው» አለች። «ደክሞታል።»

እፎይ አልሁ። ለእሷ ስል መርዶዋን የሰማችበትን ስህተት ላርመው ስንት ጊዜ አስቤ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ባርመው እንኳ፣ አጎቴ ደግሞ እጁን ሲያወርድ ማየት እፈራለሁ።