መጀመሪያ በሩ ይከፈት

ቡታጅራ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ የሹፌሮች ስብሰባ ላይ ስለ መሬት ተናገርክ ብለው ነው። እጄ ግሪስ እንደነካ ከጋራዥ ወሰዱኝ። የታሰርንባት ክፍል የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳንና ከውጭ የሚቆለፍ አንድ በር ነበራት። ግቢውን በግድግዳው ስንጥቅ አያለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ ወደ ዝዋይ የሚሄድ የመንግሥት ሞተር ጀልባ የጫነ መኪና መጣና ከክፍላችን ጥግ ቆመ። ሐይቁ ዳር ቤንዚን አይገኝም ብለው እዚሁ ሊሞሉት ነው። የጣቢያው አምሳ አለቃ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ያስደነገጠኝም ጥንቃቄው ነው። የቤንዚኑ በርሜል ጀልባውን እንዳይፍቀው ከሥሩ ደረቅ የእንሰት ቅጠል አነጠፈ። ቆሻሻ እንዳይገባ ብሎ የጀልባው ሰልባትዮ፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ አፍ ላይ የሚስቱን የናይለን ሻሽ ወጠረና ከበርሜሉ በጎማ ቱቦ ያወርድበት ጀመር።

በጋ ነው፣ አየሩ ደርቋል። የናይለን ሸሚዝ ሲወልቅ የሚንጣጣውን ታውቁታላችሁ። በናይለን የሚያልፍ ቤንዚንም እንዲሁ ይንጣጣል፤ ደረቁ ቅጠል ደግሞ ኃይሉን ወደ መሬት አያሳልፈውም። ያቺ ብልጭታ የቤንዚን ትነት ካገኘች አለቀ። ሽታው በስንጥቁ ሲገባ ቀና ብዬ የሣሩን ክዳን አየሁ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

በሩን ደበደብኩ። «አምሳ አለቃ፣ ጎማውን ይዝጉት።»

«ደግሞ ለጎማውም ስብሰባ ልትጠራለት ነው?»

«ሽቦ ካልታሰረበት እሳት ይነሳል። እኛም እርስዎም አንተርፍም።»

ሻሹንና የሣር ክዳናችንን አየ። ከዚያ ጎማውን ዘግቶ መጣና በሩን ከፈተ። «ና ውጣ፣ እሰርልኝ።»

ደፉ ላይ ቆምኩ። «እነዚህም ይውጡ። በር ተቆልፎባቸው አልሠራም።»

«ቢያመልጡስ? ማን ሊጠየቅ ነው?»

በወሰን ክርክር የታሰሩ አንድ የመስቃን ሽማግሌ ከኋላዬ ተነሱ። «እኔ ለሁሉም ዋስ ነኝ» አሉት። «ወላሂ አንድም ሰው አይሄድም። ከሄደ እኔን ያዝ።»

አምሳ አለቃው የአገሩ ልጅ ነውና ሽማግሌ ዋስ ከሆነ በኋላ ምን ይላል? ዞር አለላቸው። እስረኞቹ ወጥተው ራቅ ብለው እንሰቱ ሥር ተቀመጡ።

ሻሹን አስነስቼ ሽታው እስኪነፍስ ጠበቅን። በርሜሉን፣ የጎማውን የብረት ጫፍና የሰልባትዮውን አፍ በሽቦ አያያዝኩ። ሌላ ሽቦ አውርጄ መሬት ከተቀበረ ብረት ጋር አሰርኩና አፈሩን በውኃ አራስኩት። ያኔ ነው ጎማው ይከፈት ያልኩት።

ቤንዚኑ ሲወርድ የሁሉም ዓይን ጀልባው ላይ ነው። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ወጥቶ ሄዶ ነበር። ዞሬ ሽማግሌውን አየሁ። ወደኔ አላዩም፤ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ሥራው ሲያልቅ ማንም ሳይጠራን ተነስተን ገባን። ሽማግሌው መጨረሻ ገቡና በሩን ራሳቸው ከውስጥ ሳቡት። አምሳ አለቃው ቁልፉን ይዞ ውጭ ቆሞ ቀረ። ቆይቶ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ አድርጎ ቆለፈው።

አሁን ሸምግያለሁ። ከጋራዥ ሲወስዱኝ የመቱኝን ሰዎች መልክ እንኳ ረስቻለሁ። ልጆቼ ግን ይህን ባነሳሁ ቁጥር «አባባ፣ በሩ ተከፍቶ እንዴት አልሮጥክም?» እያሉ ይስቁብኛል። ብሮጥ የሚይዙት ሽማግሌውን ነበር እላቸዋለሁ።