በባዶ እግር የተመረጠ ሴራሚክ

ሰበታ ያለውን ቤቴን ሠርቼ ስጨርስ ከሁሉም የኮራሁት በወለሉ ነበር። ግድግዳው የትም ያለ ግድግዳ ነው፣ ጣሪያውም ከጎረቤት ጣሪያ አይለይም፤ ወለሉን ግን ስንት ቅዳሜ ከሱቅ ሱቅ ዞሬ ነው የመረጥኩት። በመጨረሻ አንዱ ሻጭ ነጣ ያለ፣ እንደ እብነ በረድ ሥር ሥር ያለው ሴራሚክ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ «ፊትሽ ይታይበታል» ሲለኝ አለቀልኝ። ለሳሎኑ፣ ለመኝታ ቤቶቹ፣ ለኮሪደሩ፣ ለመታጠቢያ ቤቱም ሳይቀር ያንኑ አስነጠፍኩ። ወለል አንድ ዓይነት ሲሆን ቤት ሰፊ ይመስላል ብለውኛል። እውነቱን ለመናገር ልታይ ልታይ ማለትም ነበረበት።

ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ቤቱን የሠራሁት ለእናቴ ነው እል ነበር። እናቴ ሱሉልታ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። የዓይን ግፊት ብርሃኗን ቀስ በቀስ ወስዶት፣ ሐኪሙም የሄደው አይመለስም ካለን ሁለት ዓመት አልፏል። ያም ሆኖ በገዛ ቤቷ ስትንቀሳቀስ ያያት ሰው አታይም ብሎ አያምንም። ከአልጋዋ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ደጁ ሽንት ቤት ስትሄድ እጇን እንኳ አትዘረጋም። እኔን የሚያስፈራኝ እሳቱ ነበር። አንድ ቀን የቀሚሷ ጫፍ ተቃጥሎ ሳይ በቃኝ። ወይ ፍንክች ስትል ከርማ በመጨረሻ አንድ ወር ልትሞክረው ተስማማች፤ በምላሹ ግን ቃል አስገባችኝ። በወሩ ውስጥ ሰው ሳይመራት መጸዳጃ ቤት መሄድ ካልቻለች ወደ ቤቷ እመልሳታለሁ።

«ለእሱም እጄን የሚይዘኝ ሰው ካስፈለገኝማ ምን ቀረኝ?» አለች።

እሺ አልኩ። መጸዳጃ ቤቱ ከመኝታ ቤቷ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ይሄ ምን ያስቸግራል ብዬ።

ሴራሚክ ብርድ አለው። ቤቱን ሴራሚክ ያስነጠፈ ሁሉ በሩ ላይ ነጠላ ጫማ ደርድሮ የገባውን እንግዳ «አድርጊው፣ ብርድ ይመታሻል» የሚለው ለዚህ ነው። እኔም ለእናቴ ሶሉ ወፍራም የሆነ የቤት ጫማ ገዝቼ፣ በመጣች ቀን በሩ ላይ ተንበርክኬ በካልሲዋ ላይ አጠለቅኩላት። «ይቅርብኝ» ብትለኝም አልሰማኋትም።

እኔ ቤት ያቺ የማውቃት ሴት ጠፋች። ግድግዳ እየዳበሰች ትሄድና መሃል ላይ ትቆማለች። ኮሪደሩን ሳሎን ነው ትላለች፣ ሳሎኑን መኝታ ቤት። እርምጃ እንድትቆጥር አስተማርኳት፤ ስትቆጥር ሰው ካናገራት ይጠፋባታል። እኔ ደግሞ ትዕግሥቴ አጭር ነው። «ቀጥ ብለሽ ነዋ፣ እማዬ! ስንቴ ልንገርሽ?» ብዬ ጮኼባታለሁ። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ከመኝታ ቤቴ ስወጣ ሳሎኑ መሃል እጇን ዘርግታ ቆማ አገኘኋት። አልተጣራችም። እግሯ ሥር ያ የምኮራበት ወለል ረጥቧል።

«ውሃ ደፋሁ» አለች።

«ይደርቃል» አልኳት።

ወለሉን ወለወልኩ፣ ቀሚሷን ቀየርኩላት። ቁርስ ላይ ድምፅዋን ሳታነሣ «ቅዳሜ ሱሉልታ ውሰጂኝ» አለችኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያን ያህል ለፍቼ እናቴን አንድ ወር እንኳ ማኖር አለመቻሌ አንገበገበኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ወለሉን ያነጠፈው ሰውዬ መጣ። ቡራዩ የሚኖር፣ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ ባለሙያ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሴራሚኮች ሲረገጡ ባዶ ድምፅ ስለሚሰጡ ቀድሜ ጠርቼው ነበር። ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ። ነጠላ ጫማ ባቀርብለት ገፋ አደረገው።

«ይሄን አድርጌ ሥራዬን በምን አውቀዋለሁ?» አለኝ። ካልሲውንም አወለቀና ዓይኑን ጨፍኖ ኮሪደሩን በቀስታ ተራመደ። ከፍ ዝቅ ያለውን የሚፈልገው በውስጥ እግሩ ነው።

እናቴ ሶፋው ላይ ሆና ስትሰማ ቆይታለች። ሰውዬው ሲያያት ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ «አካም ኦልተን፣ አዴ?» ሲል እንዴት እንደዋለች ጠየቃት።

«ነጋ፣ ገለታ ዋቃ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ባዶ እግርህን ነህ እንዴ፣ ልጄ?»

«አዎ እማማ። ሥራዬ ነው።»

ጫማዋን ማውለቅ ስትጀምር «ብርድ ይመታሻል» ብዬ ተነሣሁ።

«ብርዱ የሚመታው እኔን ነው። አንቺ ተይኝ።» ካልሲዋንም አውልቃ ትንሽ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ወለሉን በእግሯ እያሸች ፈተሸችው። «ሁሉም አንድ ነው» አለች። «አልጋዬም ሥር፣ ሽንት ቤቱም፣ እዚህም። ትልቅ ሰሐን ላይ ያቆማችሁኝ ነው የሚመስለኝ። የኔ ቤት እኮ ምሰሶው ጋ ይጎረብጣል፣ ጓዳው አፍ ላይ ዝቅ ይላል፣ በሩ ጋ ስደርስ ድንጋዩ አለ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኗን በካልሲና በሶል ሸፍኜባት እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ሰውዬው ትንሽ አሰበና ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለውን በሁለት ስንዝር ስፋት ቆርጦ ሻካራ ሴራሚክ ሊያስገባበት እንደሚችል ነገረን። እኔ ምን አልኩ? «ቤቴን ድሪቶ ልታደርገው ነው?» አልኩት። እናቴ ፊት፣ አፌን ሞልቼ። ቀድሞ የታየኝ እንግዳ የሚለው ነበር።

እናቴ «ተወው ልጄ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ» አለችው።

እሱ ግን ወደኔ ዞሮ «እህቴ፣ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ማማሩ ለማን ነው?» አለኝ። «ሻካራውስ የት ይገኛል?» አልኩት።

በማግስቱ ሦስታችንም አስፋልቱ ዳር ያለ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ከምን ቀለም ጋር እንደሚሄድ ሲጠይቀን ሰውዬው «ቀለሙን ተወው፤ ሻካራ ሻካራውን መሬት ላይ ደርድርልን» አለው። እናቴ ጫማዋን አወለቀችና ትከሻዬን ይዛ አንድ በአንድ ቆመችባቸው። ሊገዛ የመጣው ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያየናል። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ከዚያ ፊቷን ሳይ እፍረቴ ጠፋ። እንዲህ ነቅታ ካየኋት ቆይቻለሁ።

«ይሄ ያሳክካል» ትላለች። «ይሄ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይጥላል።» ስድስተኛው ላይ ቆመች። ተረከዟን አዟዟረችበት፣ ጣቶቿን ሰብሰብ ዘርጋ አደረገቻቸው። «ይሄ ነው።»

አየሁት። ለግቢ ደረጃ የሚነጠፍ፣ ቅጠልያ ይሁን ግራጫ የማይለይ ነገር ነው።

«እማዬ፣ ቀለሙ ያስጠላል።»

«እሱን አንቺ ቻይው» አለችኝ። ሻጩ ሳቁን ዋጠ።

ሐሙስ መቁረጫው ሲጮህ ዋለ። ያ ነጭ ወለል ሲሰነጠቅ አላየሁም ብዬ ጓሮ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ ሁለቱ በኦሮምኛ ሞቅ ያለ ወግ ይዘዋል። ሰውዬው በሲሚንቶ ከማጣበቁ በፊት ሴራሚኮቹን በደረቁ ይደረድርና እናቴን ያስረግጣታል። ወደ መጸዳጃ ቤቱ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ «እዚህ ላይ ሁለቱን አግድም አድርግልኝ» አለችው፤ አደረገላት። ሲሚንቶው እስኪደርቅ ዓርብ ሙሉ ቀን ስለማይረገጥ በሌላው ወገን እጇን ይዤ መራኋት። ፊቷን ወዲያ አዙራ ነበር የምትሄደው። ማታ ላይ ጓዟን ሰብስባ ሻንጣዋን በሩ ጋ አስቀመጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ ሰማሁና ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ባዶ እግሯን ነች። እጆቿ ወደ ታች ናቸው። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ቆም ብላ በአውራ ጣቷ ፈተሸችና ዞረች። እጄን ዘርግቼ፣ ሳልነካት ከኋላዋ ተከተልኳት። መጸዳጃ ቤቱ ገባች፤ በሩን ዘጋችና ከውስጥ ቀረቀረችው።

እኔ እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ።

«እዚያ ነሽ?» አለች ከውስጥ።

«አለሁ።»

«ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ እንጂ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሱሉልታም ብቻሽን ሂጂ። ሳጥኔን ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ።

ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ እሺ አልኳት።