እንግዴ ልጁ ከመቀበሩ በፊት

አሶሳ ተመድቤ ስመጣ ስለ እንግዴ ልጅ የማውቀው አጭር ነበር፤ ሙሉ ሆኖ መውጣቱን አይቶ ማስወገድ። እዚህ ግን የሚወገድ ነገር አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ ስትመጣ፣ ቅል የያዘች ዘመድ አብራት አትጠፋም። ልጁ ከተወለደ በኋላ እንግዴ ልጁን ተቀብላ ደጃፍ ልትቀብር ነው። እኔን ደግሞ መስጠቱ እየከበደኝ መጣ። ያን ያህል ወር ሽል ሲያበላ የኖረ ነገር፣ ምን እንደገጠመው ሳይጠየቅ እንዴት ይቀበራል?

ስለዚህ ከመስጠቴ በፊት አጥቤ በትሪ ላይ አደርገውና በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጥኩ ማየት ጀመርኩ። አዋላጅ ባልደረቦቼ "ሞራ ገላጭ" የሚል ስም አወጡልኝ። አንዱማ የዘንድሮው ዝናብ እንዴት እንደሚሆን በየጊዜው ይጠይቀኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ፣ ማየቴን ግን አልተውኩም። ካርድ ላይ የምንጽፈው ላይ ላዩን የሚታየውን ነው፤ የደም ግፊት፣ ያለጊዜው የመጣ ምጥ፣ የከሳ ልጅ፣ ሞቶ የተወለደ። እንግዴ ልጁን ስገለብጠው ግን አከፋፈሉ ሌላ ሆነብኝ። አንዳንዱ ጀርባው ላይ የረጋ ደም ይዟል፤ ጊዜው ሳይደርስ ከማህፀን ተላቋል። አንዳንዱ ሽፋኑ ደፍርሶ ይሸታል፤ ኢንፌክሽን ገብቶበታል። ሌላው ደግሞ ትንሽ ሆኖ እዚህም እዚያም ነጥቶ ይጠነክራል፣ ውሃ እንዳጣ የጓሮ መደብ። ይሄኛው ከእናትየው በቂ ደም ሳያገኝ የኖረ ነው። የገረመኝ፣ ግፊት ያለባትም፣ የከሳ ልጅ የወለደችውም፣ አንዳንዴ ያለጊዜዋ ያማጠችውም ይኸው ደረቁ ዓይነት ይወጣቸዋል። እኛ ሦስት በሽታ የምንለው፣ ሥሩ አንድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር መሆኑን ኋላ አንብቤ ደረስኩበት። ያስተዋልኩ ቀን ግን እኔ ያገኘሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በዚህ መሀል ነው ከአሶሳ ወጣ ካለ የበርታ መንደር አንዲት ወጣት ሴት የመጣችው። የመጀመሪያ ልጇ ያለጊዜው ተወልዶ ወዲያው ሞቶባታል። ሁለተኛው ደግሞ እኛ ጋ ስትደርስ የልብ ትርታ አልነበረውም፣ ሞቶ ተወለደ፤ የእሷም ግፊት ከፍ ብሏል። በመንደሯ ሴቶቹ በበጋ ወንዝ ወርደው ወርቅ ያጥባሉ። ጎንበስ ብላ ስለዋለች ልጆቿን እንደገደለች ነው የምታምነው፤ ሰፈሩም እንዲሁ ይላል። ሌላ ልጅ አልሞክርም አለችኝ። ቅሉን ይዘው በሩ ላይ የቆሙት የባሏ እናት ናቸው፤ ፊታቸውን አኮሳትረዋል።

እንግዴ ልጁን ልየው ብላቸው እምቢ አሉ። ይቀበራል እንጂ አይታይም።

"እማማ፣ እርስዎም አብረውኝ ይዩ" አልኳቸው።

እያቅማሙ ገቡ። አጥቤ ትሪው ላይ ዘረጋሁላቸው። ትንሽ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ነጥቶ ጠንክሯል። በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉትና ይህን ያደረገው ወርቅ ማጠቡ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም አልኳቸው፤ ይሄ የአንድ ሰሞን ማጎንበስ ያመጣው ሳይሆን፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት የደሙ መንገድ ስለጠበበ የሆነ ነው። መንገዱ ለምን እንደጠበበ ግን እኔም አላውቅም። ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ፣ ያንኑ መለስኩ። ከዚያ ዓይናቸውን ከትሪው ሳያነሱ፣ ሴቱንም በወንድ በሚጠራ አማርኛቸው ስለ ምራታቸው ተናገሩ።

"ወንዝ የላከው እኔ ነው። ደክሞኛል አለ። እኔ ሂድ አልኩ።"

ለካስ ያ ሁሉ ኩርፊያ በራሳቸው ላይ ኖሯል። አልጋዋ አጠገብ ሄደው በበርትኛ አወሯት። ቃሉን አልሰማሁም፣ ሁለቱ ግን ተያይዘው አለቀሱ።

ሲወጡ፣ ዳግም ካረገዘች ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ አደራ አልኩ። ቆይታ፣ አረገዝኩ ብላ መጣች፤ በጣም ቀድማ ስለመጣች ያ ቀልደኛ ባልደረባዬ "ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል" ብሎ ተረተብኝ። ገፋ። ሐኪሙ የደሙ መንገድ እንዳይጠብ የሚረዳ፣ በትንሹ የሚወሰድ አስፕሪን አዘዘላት፣ እኔ በየቀጠሮው ግፊቷን ለካሁ፣ አማቷ ደግሞ ከመንደር ይዘዋት ይመላለሱ ነበር። ወደ መጨረሻው ግፊቷ ከፍ ማለት ጀመረና ሐኪሙ ከቀኗ በፊት ምጥ በመድኃኒት እንዲጀመርላት ወሰነ። ፈራሁ፤ ያ ሁሉ ተስፋ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ሴት ልጅ ተወለደች። ከሲታ ናት፣ ድምጿ ግን ክፍሉን ሞላው።

አማትየው ቅላቸውን ይዘው ገቡ። እንግዴ ልጁን ላቀብላቸው ስል ቅሉን ወደኋላ ሳቡት።

"ሲስተር፣ መጀመሪያ እጠብ። እንይ።"

አጥቤ ወደ መስኮቱ ወሰድነው። ነጭ ነጩ አልጠፋም፣ ካለፈው ግን ያንሳል። እየነኩ አንድ በአንድ አዩት፤ ፈጽሞ አልቸኮሉም።

"ትንሽ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ግን አበላ።"

ቅሉን በቅጠል ሸፍነው መስኮቱ ላይ አስቀመጡና፣ ልጅቷን ለመታቀፍ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።