ባዶ የተባሉት ገጾች

መዝገብ ቤት ሥራ የጀመርኩት ሁለተኛ ልጄን ጡት ባስጣልኩ በሳምንቱ ነው። የድርጅታችን ዋና ቢሮ የካ ውስጥ ከዳገቱ ሥር ነው። እንጦጦ ላይ የችግኝ ጣቢያ አለው፤ ወሰን ላይ ደግሞ ጋራዥና መጋዘን። ያኔ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ጸዳለ ነበሩ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አንድ ወፍራም ማህደር ሰጡኝና «የዚህን ሾፌር የመጀመሪያ የዓመት ፈቃድ አውጪልኝ» አሉኝ።

ከላይ ጀምሬ ገለጥኩ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። እትዬ ጸዳለ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ከላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ላይ ያለው የዘንድሮ ወረቀት ነው። ሰውዬው የተቀጠረው ከሥር ነው።»

ማህደሩን ገለበጡትና ወዲያው አወጡት። አዲስ ደብዳቤ ሁልጊዜ ከላይ ይታሰራል፤ የሠራተኛ ታሪክ ግን ከታች ወደ ላይ ይነበባል። የመጀመሪያ ቀን የተማርኩት ይህን ነው።

ቀጥሎ የተማርኩት ስለ መምራት ነው። በመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ብቻውን ምንም አያደርግም። ኃላፊው ኅዳጉ ላይ «በደንቡ መሠረት ይፈጸም» ብሎ ሲመራበትና ሲፈርምበት ነው ነፍስ የሚዘራው። ኅዳጉ ከጠበበው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ይጽፋል። እትዬ ጸዳለ የተመለሰ ማመልከቻ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባውን ነበር። «ፊቱ ልመና ነው፤ ውሳኔው ከኋላ ነው» ይሉ ነበር።

ይህን በደንብ አውቅ ነበር። ስለዚህ በኋላ ለሠራሁት ስሕተት አላውቅም ነበር የሚል ምክንያት የለኝም።

እትዬ ጸዳለ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ያዝኩ። ልጆቼ ያደጉት እሳቸው ባስተማሩኝ ሥራ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊው አቶ ኃይሉ ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ አዲስ ስካነር ከነካርቶኑ ተቀምጧል።

«ማርታ፣ ከእንግዲህ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ፋይል ነው። ማህደሩ በሙሉ ስካን ተደርጎ በአንድ ፒዲኤፍ ይቀመጣል። ያ መደርደሪያ ይነሳልኛል።»

«ምን ያህል ጊዜ ይሰጡኛል?»

«ስትጨርሺ ንገሪኝ። ግን ቶሎ ጨርሺ።»

ሥራው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ስፒሉንና ሽቦውን እነቅላለሁ። የተጣጠፈውን ጥግ በጥፍሬ አቃናለሁ፤ የተቀደደውን በፕላስተር እይዛለሁ። ከዚያ የሕይወት ታሪክ ቅጹን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ ዋስትናውን፣ ቅጥሩን፣ ዕድገቱን፣ ቅጣቱን፣ ፈቃዱን በየተራቸው አሰልፌ ለስካነሩ አጎርሰዋለሁ። ሲያልቅ ፋይሉ የሠራተኛው መለያ ቁጥር ይሰጠዋል።

ስካነሩ የወረቀቱን ሁለቱንም ገጽ በአንድ ጊዜ ያነሳ ነበር። ጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት ሁሉ አንድ ነጭ ገጽ ይጨምርብኛል። ፋይሉ ይከብድና ሲስተሙ አልቀበልም ይላል። የአይቲ ባለሙያችን ብሌንን ጠራኋት።

«ማርታዬ፣ ይሄማ ኦቨር ነው። ግማሹ እኮ ባዶ ገጽ ነው።»

«ባዶውን የሚጥልበት መንገድ የለውም?»

«ሴቲንግ አለው። ባዶ ሲያገኝ ራሱ ይዘለዋል። ጥቁርና ነጭ ካደረግነው ደግሞ በጣም ይቀላል።»

«አድርጊልኝ» አልኳት።

ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ።

ሁለት ዓመት ሠራሁ። ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ እገባለሁ፤ ምሳ ሰዓት ጥቂት እጸልያለሁ፤ የቀረውን ጊዜ ወረቀት አጎርሳለሁ። የፋይናንስ ሰዎች ያሾፉብኝ ነበር። «ጴንጤዋ ሰውን ሁሉ ወደ ሰርቨር አሳረገችው! እኔን መቼ ነው የምታሳርጊኝ?» ይሉኛል። «ንስሐ ስትገባ» እላለሁ። ሥራው ያምር ነበር። አንድ ቁጥር ስትጽፉ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን በአንድ ፋይል ይከፈታል። ኮርቼበት ነበር፤ አልዋሽም።

ስጨርስ አቶ ኃይሉ ተጠናቋል ብለው ለበላይ ሪፖርት ላኩ። ዋናዎቹ ወረቀቶች በማዳበሪያ ታስረው ወሰን መጋዘን ገቡ። በእያንዳንዱ ማዳበሪያ ላይ ውስጡ ያሉትን ማህደሮች ቁጥር በእጄ ጻፍኩ። ወረቀት የሚፈጭ ድርጅት መኪና ልኮ ዓርብ ሊወስዳቸው ተቀጠረ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ደቻሳ መጡ።

ጋሽ ደቻሳ እንጦጦ ችግኝ ጣቢያ ያረጁ ሰው ናቸው። የጡረታ ዕድሜያቸው ደርሷል። ሰው ሀብት ግን ዘመናቸውን ሲቆጥር ለወር አበል አይበቃም፣ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ ብቻ ነው የሚገባህ ብሏቸዋል።

«ማርታ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ ጋሼ። ይቀመጡ።»

«መቀመጥማ ከእንግዲህ ተቀመጥ ተብያለሁ። ተቀምጠህ ምን ትበላለህ የሚለኝ ነው የጠፋው።»

ፋይላቸውን ከፈትኩ። ቋሚ ሠራተኛ መሆናቸውን የሚያሳየው የመጀመሪያ ወረቀት የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ ነው። ከእሱ በፊት ያለው ዘመን ሁሉ የቀን ሠራተኛ ተብሎ ተይዟል፤ የቀን ሠራተኛነት ደግሞ ለጡረታ አይቆጠርም። የችግኝ ጣቢያው የዚያ ዘመን የደመወዝ ሊስትም የለም። ጣሪያው አፍስሶ ከጥቅም ውጭ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ቋሚ የሆኑበት ደብዳቤ የለም።»

«ደብዳቤ አልተጻፈልኝማ። ማመልከቻዬ ላይ ነው የተመራልኝ። አለቃችን እዚያው ችግኙ መሃል ቆሞ፣ እኔን ጎንበስ በል አለና ወረቀቱን ወገቤ ላይ አስደግፎ ነው የጻፈው።»

«ምን ብለው?»

«ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ይሁን። ብዕሩ እስከ ዛሬ ይኮረኩረኛል።»

ማመልከቻቸውን ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። ፊቱ አለ። ቀጣዩ ገጽ የሕክምና ማስረጃ ነው።

«ገልብጪዋ» አሉኝ።

የሚገለበጥ ጀርባ ፋይሉ ውስጥ አልነበረም። ስልኩን አንስቼ ብሌን ጋ ደወልኩ።

«ብሌን፣ ይሄ ስካነር በጣም የደበዘዘ ጽሑፍ ቢያገኝ ምን ያደርጋል?»

«ጥቁርና ነጭ ላይ ነው ያለው... በጣም ከፈዘዘ አያየውም። ባዶ ነው ብሎ ይዘለዋል። ማርታዬ፣ ምን ተገኘ?»

«እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ። «ጋሼ፣ ወሰን ድረስ አብረን እንሂድ።»

ከመገናኛ ታክሲ ያዝን። ጋሽ ደቻሳ በመስኮት እያዩ ስለ ጥድና ስለ ባሕር ዛፍ ያወሩኛል። እኔ እሺ እሺ እላለሁ፤ በልቤ ግን ጌታ ሆይ ወረቀቱን ጠብቅልኝ እላለሁ።

ማዳበሪያው እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ቁጥራቸውን አገኘሁት፤ ከሥር ነበር። የመጋዘኑ ጠባቂ እያጉረመረመ የላይኞቹን አወረደልን። ማህደሩን አውጥቼ ከታች ወደ ላይ ቆጠርኩ። ማመልከቻው አራተኛው ወረቀት ነበር። ጀርባውን ገለበጥኩት።

ምንም የለም።

ወደ በሩ ይዤው ሄድኩና ለፀሐይ ሰጠሁት። ያኔ ዝናብ የነካው፣ ዘመን የበላው ሰማያዊ ቀለም ታየኝ። «ከዛሬ ጀምሮ በቋሚነት እንዲሠራ ተፈቅዷል።» ፊርማ አለ። ቀን አለ። የማህተም ክብ ግማሹ አለ። መስመሩ ወጣ ገባ ነው።

ጋሽ ደቻሳ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው አዩት። «ጠማማነቱን አየሽው? አጥንቴ ነው» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ያን አንድ ገጽ ብቻ ስካን አድርጌ ፋይላቸው ውስጥ ባስገባ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ማንም አያውቅም። ዓርብ መኪናው ይመጣል፣ ማዳበሪያው ይሄዳል፣ ሥራዬም እንደተመሰገነ ይቀራል። ይህን አሰብኩ። ከዚያው ማዳበሪያ ሌላ ማህደር አወጣሁና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። የሰባተኛው ጀርባ በፈዘዘ እርሳስ ተጽፎበታል። ማህደሩን መልሼ አሰርኩና ወደ ቢሮ ተመለስን።

አቶ ኃይሉ ቆመው ሰሙኝ።

«ማርታ፣ ጨርሰናል ብለን ሪፖርት ልከናል እኮ!»

«አላለቀም።»

«ስንቱ ነው የተበላሸው?»

«አላውቅም። ለማወቅ ሁሉንም ማየት ነው።»

«ሁሉንም!» ተቀመጡ። «ጥፋቱ የማን ነው? የአይቲ ነው አይደል?»

«የእኔ ነው። ባዶውን ጣይልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። በጽሑፍ እሰጥዎታለሁ። የዓርቡ መኪና ግን ይቅር።»

«እናንተ ጴንጤዎች ደግሞ አትዋሹም እሺ፤ ትንሽ እንኳ አታለሳልሱም?»

ከጠረጴዛቸው ወረቀት ስቤ ጥፋቴን መጻፍ ጀመርኩ።

«ማስጠንቀቂያ እጽፍብሻለሁ።»

«ይጻፉ። ማህደሬ ውስጥ ራሴ አስገባዋለሁ።»

ስልኩን አንስተው መኪናውን አስቀሩ። ማስጠንቀቂያውንም ጻፉ። ዛሬ ፋይሌ ውስጥ አለ፤ ከነጀርባው።

የጋሽ ደቻሳን ፋይል በዚያው ሳምንት አስተካከልኩ። ብሌን ስካነሩን ወደ ቀለም መለሰችው፤ ባዶ መጣሉን አጠፋችው፤ ከባዱንም ፋይል ገጽ ሳይቀነስ የምታቀልበትን መንገድ ፈልጋ አገኘች። ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ከመላኩ በፊት ጋሽ ደቻሳን አጠገቤ አስቀምጬ ገጽ በገጽ አሳየኋቸው። ሲያነቡ አይቸኩሉም። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው እያንዳንዱን አለቃ በስሙ ይጠሩታል፤ ማን ደግ እንደነበር፣ ማን ዝናብ ሲመጣ ሠራተኛ ትቶ እንደሚሮጥ ይነግሩኛል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰዎችን ታሪክ ስሰበስብ አንዱንም ሰው ጠርቼ አልጠየቅሁም።

ማዳበሪያዎቹ ከወሰን ተመለሱ። ሥራውን ከአንድ ጀመርኩ። አሁን ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ መጥቶ ከጎኔ ይቀመጣል። አንድ ሾፌር የስም ሞክሼውን ቅጣት በራሱ ፋይል ውስጥ አገኘ። «ጠጥቶ አሽከርክሯል ይላል! እኔ አልጠጣሁት፣ ቅጣቱን ግን ስሸከም ኖሬያለሁ» ብሎ ጮኸ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃዷን አይታ ሳቀች። «ይቺ ልጄ እኮ አሁን አግብታለች» አለች። ሌላው ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሁሉም ልክ ነው ብሎ ሊነሳ ሲል፣ ቆይ እስኪ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠና የጎደለውን ወረቀት ነገረኝ። ከየማዳበሪያው ቢያንስ አንድ የተጣለ ገጽ አወጣን።

ከመጀመሪያው የበለጠ ጊዜ ወሰደ። አቶ ኃይሉ በየሳምንቱ «አላለቀም?» ይሉኛል። እኔም በየሳምንቱ «አላለቀም» እላለሁ። በኋላ መጠየቁን ተዉት። አንድ ቀን የራሳቸውን ማህደር ለማየት መጡ፤ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ።

የጋሽ ደቻሳ የአገልግሎት ዘመን ከዚያ ከደበዘዘው ቀን ጀምሮ ተቆጠረላቸው። የወር አበል ተፈቀደላቸው። የነገሩኝ በስልክ ነው። «ማርታ፣ ሆነ» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። «እሱስ ይመስገን፤ አንቺም ተመስገኚ» አሉና ዘጉት። ረቡዕ በመምጣታቸው እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ቢመጡ ኖሮ የማሳያቸው ነገር አይኖረኝም ነበር።

አሁን አዲስ ሠራተኛ ወደ መዝገብ ቤቱ ሲመደብልኝ የስካነሩን ነገር ብሌን ታስተምረዋለች። እኔ የምነግረው አጭር ነው። ፋይል አለቀ የሚባለው ባለቤቱ አጠገብህ ተቀምጦ ገጽ በገጽ አይቶት ሲፈርም ነው። እስከዚያ ድረስ ዋናው ወረቀት ከዚህ ቤት አይወጣም።